ማንጎው እስኪያፈራ

ድሬዳዋ ላይ እከክ የያዘው ሰው መጀመሪያ ያካል፣ ከዚያ ለሚስቱ ይነግራል፣ ሁሉም አልሆን ሲለው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ዘርፈሽ ቤት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው መንገዱ ርቆት አይደለም፤ አፏን ፈርቶ ነው። ዘርፈሽ በሽተኛ አታባብልም። ክንዱን ዘርግቶ የሚያለቃቅሰውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ታየውና፣ ቆዳህን እንደ ጎመን ከትፈህ ስታበቃ አሁን ምን ቀርቶህ መጣህ ትለዋለች። ፊቷ ቆሞ ያከከማ ቅባቱን ሳያገኝ ነው የሚወጣው።

ቢሆንም ይመጣሉ። ቅባቱ ይሠራላ።

ቅባቱ የእናቷ የበለጠች ነው። በለጠች ከደጋ ወርዳ፣ የባቡር ሰው አግብታ፣ ድሬ የቀረች ሴት ነበረች፤ ዕውቀቷን ከልጆቿ ለአንዷ ብቻ አወረሰች፣ እሱንም በግማሽ አፍ። ሰባት ቅጠል ነው። ይወቀጣል፣ በፍየል ሞራ ይለወሳል። ስድስቱ እዚሁ በከተማው ዙሪያ ይገኛሉ። ሰባተኛው ግን የደጋ ቅጠል ነው፤ ሞጆ ያለ ዘመድ ለቅሞ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልልና ባቡር ላይ ለሚሠራው ለተሰማ ይሰጣል፣ ተሰማ ይዞት ይወርዳል። በለጠች የዚያን ቅጠል ነገር ስታነሳ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ያለ እሱ የቀረው ሣር ነው ትል ነበር። የሞተችም ጊዜ ሰባቱን እንዳትለያዪ ብላ ነው፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ነው ያሸለበችው።

ዘርፈሽም አልለያየችም። ስትወቅጥ በሯን ትዘጋለች፣ ሙቀጫውን ራሷ ታጥባለች፣ እጣቢውን ራሷ ወስዳ ትደፋለች። ሰው ሲከፍላት የቅጠሉን ዋጋ አትቀበልም፤ ቅጠል የእግዜር ነው። የምትቀበለው የሥር ማሽ ነው። ይህ የእሷ ፈጠራ አይደለም፣ የመድኃኒት አዋቂ ሁሉ ወግ ነው፤ ገደል ወርዶ፣ እሾህ ጥሶ፣ ሥር ምሶ ላመጣው ሰው የድካሙ ነው የሚከፈለው። የሥር ማሹን የቆጠበ ሰው መድኃኒቱ አይዝለትም ይባላል። ይዝለት አይዝለት እንጃ፣ ዘርፈሽ ግን የቆጠበባትን ሰው ሁለተኛ በሯን አታስረግጠውም።

ንጉሡ የዘውዳቸውን ኢዮቤልዩ ካከበሩ ወዲህ ባለው ዘመን ከተማው በሰው ተጨናነቀ። የፋብሪካ ሰው፣ የባቡር ሰው፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው አንድ ቤት ይከራያል፣ አንድ ፍራሽ ይጋራል። የሌሊት ተረኛው ሲነሳ የቀን ተረኛው ገና ባልበረደው ፍራሽ ላይ ጋደም ይላል። እከክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሰርግ አያውቅም። የሠራተኛው ሰፈር በሞላ ማከክ ጀመረ። ማሽን ላይ የቆመው በአንድ እጁ እየሠራ በአንድ እጁ ያካል፤ ሻይ ቤት የተቀመጠው ጀርባውን ከግድግዳ ጋር ይፈትጋል። የዘርፈሽ በር ከጠዋት ጀምሮ ሰው ይሰለፍበታል። እሷ ግን ከአንዲት ድስት በላይ መሥራት አትችልም፤ የደጋው ቅጠል በሳምንት አንድ ጆንያ ነው የሚመጣው። ድስቷ ስታልቅ በሩን ትዘጋና ከውስጥ ሆና፣ ሂዱ፣ ባቡሩን ለምኑ ትላለች።

በዚህ መሃል ነው ሙሴ ሃጎፕ በጋሪ የመጣው። ሃጎፕ ከዚራ ሰፈር ፋርማሲ ያለው አርመን ነው፤ ድሬ ተወልዶ ድሬ ያረጀ፣ ሶማልኛውንም ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል እያፈረሰ የሚናገር፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ የማይቀመጥ ጨዋ ሰው።

«አንቺ ነሽ ዘርፈሽ?» አላት።

«አንተ ነህ ሃጎፕ?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አንቱ ሳይል ተግባቡ።

ሃጎፕ የመጣበትን አልደበቀም። ቅባቱን በቆርቆሮ አሽጎ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ሊሸጠው ይፈልጋል። ለዚህ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ከሁሉም በላይ ከውስጡ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ። ሁሉም ነው አለችው። እሱም፣ ሁሉም የሚሠራበት መድኃኒት አይቼ አላውቅም አላት። ቀጥሎ ስለ ሌላ አገር ያወራላት ጀመር። እዚያ መድኃኒት ያገኘ ሰው ለመንግሥት ሄዶ ከጅምር እስከ ፍጻሜ ይናገራል፣ ምንም አይደብቅም፤ መንግሥትም በበኩሉ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ በእጁ እስካለ ድረስ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ያን መድኃኒት ሌላ ሰው መሥራት አይችልም።

ዘርፈሽ ይህን ስትሰማ መወቀጫዋን አስቀመጠች። «መንግሥት የዚያን ሰውዬ በር ይጠብቅለታል ማለት ነው?»

«እንደዚያ በይው።»

«እስከ መቼ?»

«ለተወሰነ ዓመት። ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ማንም ገብቶ ይሠራል።»

እዚህስ ብትለው፣ እዚህ ለመድኃኒት እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጥ አላየሁም አላት። እንግዲያው በሬን እኔው ራሴ እጠብቃለሁ ብላ ሸኘችው። ጋሪው ሲርቅ ግን ነገሩ ከጭንቅላቷ አልወጣም። ሁሉን የሚናገር ሰው፣ ተናግሮም የማይዘረፍ። እናቷ ይህን ብትሰማ ትስቅ ነበር።

ክረምት ገባ። ደቻቱ በጋውን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ሰው ሲመላለስበት ከርሞ፣ ደጋው ላይ ዝናብ ሲወርድ ድንገት ደፍርሶ መጣ፤ በዚያው ሰሞን ጎርፍ ሐዲዱን አንድ ቦታ ላይ በላውና ባቡር ቀረ። ተሰማ አልመጣም። የደጋው ቅጠልም አልመጣም። ዘርፈሽ አስቀድማ የወቀጠችው የስድስቱ ቅጠል ብዛት ሊበላሽባት ሆነ። በሞራ ለወሰችው፣ ግን ለሰው መስጠት ነውር መሰላት፤ ያለ ደጋው ቅጠል የተሠራ ቅባት ሰጥቼ ስሜ ይጠፋል አለች። ለሀዎ ሰጠችው።

ሀዎ ከዋሂል መንደር ወዲህ ፍየል የምታረባ፣ በገበያ ቀን ወተት ይዛ ወደ ከተማ የምትገባ ሶማሌ ናት። ከዘርፈሽ ጋር ወዳጅነታቸው ከልጅነት ነው፤ ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፣ ሳይሰዳደቡ የተለያዩ ቀን አንዳቸው ታመዋል ማለት ነው። ያን ሰሞን ፍየሎቿን እከክ ፈጅቷቸው ጀርባቸው ገላጣ ሆኖ ነበር። ዘርፈሽ ቅባቱን ስትሰጣት፣ የሚረባ ነገር አይደለም፣ ከሚጣል ብዬ ነው አለቻት።

ሀዎ በሚቀጥለው ገበያ መጣችና ወተቷን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«አቦ ዘርፌ፣ ያ የማይረባው ነገርሽ ሌላ አለሽ?»

ፍየሎቹ ድነዋል። ያውም ዘርፈሽ ከዚህ በፊት ከሰጠቻት ከሙሉው ቅባት ፈጥነው ነው የዳኑት። ዘርፈሽ አላመነችም፣ አንቺ እከክና ቁንጫ አትለዪም አለቻት። ሀዎም ነይ እዪ አለቻት። ዘርፈሽ ጫማዋን አድርጋ ሄዳ አየች። የፍየሎቹ ጀርባ ላይ ጠጉር እንደ አዲስ ችግኝ ብቅ ብሏል። እንዲህ አንገቷን ደፍታ ከሀዎ በረት የወጣችበት ቀን ከዚያ በፊት አልነበረም። ዕድሜ ልኳን ባቡር ስትጠብቅለት የኖረችው ቅጠል፣ ስንቱን በሽተኛ ስለ እሱ ብላ ከበሯ የመለሰችለት ቅጠል፣ ምንም አልነበረም።

ሀዎ አላዘነችላትም። እናትሽ ሠርታልሻለች ብላ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ዘርፈሽ እናቷን ማንም እንዲነካባት አትወድም፣ የዚያን ቀን ግን ፊቷን አዙራ ሄደች። ቤቷ ገብታ ስትቆጣ አመሸች፤ ለሞተ ሰው መቆጣት ደግሞ መልስ የለውም። ማግስቱን ቁጣው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። አንዱ ውሸት ከሆነ የቀሩትስ?

ወደ ሀዎ ተመለሰችና ፍየሎችሽን አበድሪኝ አለቻት።

ሀዎም ፍየሎቼ የአንቺ ሆስፒታል ሲሆኑ እኔ ምን አገኛለሁ ብላ ተከራከረች፤ በመጨረሻ ከዚህ የሚወጣው ምንም ይሁን ምን የሀዎ ፍየሎች እስከ ዘላለም በነጻ እንዲቀቡ ተስማሙ። ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ዘርፈሽ ከቅጠሎቹ አንዱን እያስቀረች ቅባት ትሠራለች፣ ሀዎ ታማሚዎቹን ፍየሎች በሂና ምልክት ትለያለች፤ ያለ ግራሩ ቅጠል የተቀባው ቀንዱ ላይ፣ ያለ ሬቱ የተቀባው ጅራቱ ላይ፣ ሌላው ጆሮው ላይ። በረቱ ሙሽራ የተሞላ መሰለ። በመሃል ሀዎ አንድ ነገር አመጣች፤ ሞራው ራሱ ቢሆንስ የሚያድነው አለች። ዘርፈሽ ተናደደች፣ እናቴ ሞራ ስትሸጥ ኖረች ልትዪኝ ነው አለቻት። ቢሆንም ለጥቂቶቹ ሞራ ብቻ ቀቡ። እነዚያ ማከካቸውን ቀጠሉ፤ ዘርፈሽም ትንሽ ተነፈሰች።

ሥራው ወራት ፈጀ። ፍየል ጠፋ፣ ፍየል ተሸጠ፣ ሂናው በዝናብ ለቀቀና እንደገና ተጀመረ። አንዳንዴ ዘርፈሽ የወደደችው ቅጠል ቢሠራላት ተመኘች፤ ፍየሎቹ ግን ለበለጠችም ለልጇም አያደሉም። በመጨረሻ አንዱ ቅጠል በቀረበት ጊዜ ሁሉ እከኩ ቆሞ ቀረ፣ እሱ ብቻ በገባበት ጊዜ ደግሞ ለቀቀ።

ደቻቱ ዳር የሚበቅለው ቁጥቋጦ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ይወስደዋል፣ ጎርፍ ሲሄድ መልሶ ይበቅላል። ፍየል አሽትቶ ያልፈዋል፣ ልጆች ፍሬውን ይወራወሩበታል፣ ከተማው ውስጥ ካሉት ቋንቋዎች በአንዱም ቢሆን ስም ያወጣለት የለም። ዘርፈሽ በየቀኑ ረግጣው ነው ውሃ የምትቀዳው።

የዚያን ጊዜ እናቷ ገባቻት። ይህን ቅጠል ብቻውን ወቅጣ ብትሸጥ ኖሮ ሁለተኛ ቀን ላይ ጎረቤቷ፣ ሦስተኛ ቀን ላይ ከተማው በሙሉ ወርዶ ይለቅመው ነበር። ማን የሥር ማሽ ይከፍላታል? የቀሩት ስድስቱ ቅጠል መድኃኒት አልነበሩም። አጥር ነበሩ። የደጋው ቅጠል ደግሞ የአጥሩ ቁልፍ፤ ሰው ሁሉ ምሥጢሩን ባቡር ላይ ሲፈልግ እሷ እግሩ ሥር ትለቅም ነበር። ዘርፈሽ ይህን ስታስብ በኩራት ደረቷ ተነፋ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ተሟሸሸ።

ለሀዎ ነገረቻት፤ ከእንግዲህ እኔም ስድስቱን እየጨመርኩ እቀጥላለሁ አለች። ሀዎ የፍየሏን ጡት ለቀቀች።

«እናትሽ አጥሩን አጥብቃ አጥብቃ የገዛ ልጇን ውጭ ዘጋችባት። አንቺስ ነገ ብትሞቺ? የእኔ ፍየሎች ባይኖሩ ይሄ ነገር አፈር ገብቶ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ልናገርና ነገ ሁሉም ደቻቱ ወርዶ ይልቀም? የእናቴ ልፋት፣ የእኔ ልፋት፣ ጎርፍ ይውሰደው?»

«አሁን ተናገሪ አላልኩሽም። አንድ ቀን ተናገሪ ነው ያልኩት። እስከዚያ ጥቅሙን ብዪ።» ሀዎ ድምጿን ለወጠች። «ፋራህ ያካል፣ ዘርፌ። ልጄ ከማሽን ሲመለስ ፍራሽ የሚያጋራው ጠፍቶ በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው። የአንቺን ድስት ተራ እየጠበቀ ነው።»

ዘርፈሽ ፋራህን ከተወለደ ጀምሮ ታውቀዋለች። ለምን በጓሮ አልመጣም አለች። ሀዎም፣ ከሰልፍ ቀድሜ አልገባም ብሎ ነው፣ እንደ አንቺ ኩሩ ነው አለቻት። ዘርፈሽ ነጠላዋን አነሳችና ወደ ከዚራ አቀናች፤ ሀዎ ተከተለቻት። መንገድ ላይ አብዱላሂን ይዘው ሄዱ። አብዱላሂ መጋላ ሰፈር ግመል የሚያገበያይ ሽማግሌ ነው፤ በእሱ ፊት የተባለ ነገር ሲካድ ታይቶ አይታወቅም፣ ምክንያቱም የካደ ሰው ከዚያ ወዲያ ድሬ ላይ ግመልም ሽንኩርትም አይሸጥም።

አራቱም ከፋርማሲው ጀርባ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ሃጎፕ ማንጎ አስቀረበ። ዘርፈሽ የመጣችበትን ተናገረች፤ የሚሠራውን አውቃለሁ፣ ባቡር አያስፈልገውም፣ የፈለግከውን ያህል ቆርቆሮ መሙላት ትችላለህ። አንተ ብቻ ትሸጣለህ፣ ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ የእኔን የሥር ማሽ ታወጣለህ።

ሃጎፕ ብልህ ነው። «ቅጠሉ ውድ ነው?»

«መንገድ ላይ የምትረግጠው ነው።»

«ታዲያ ለምረግጠው ቅጠል ምን እከፍልሻለሁ?»

«እስከ ዛሬ ስትረግጠው ያላወቅከውን ነው የምትከፍለኝ። ቅጠሉን እንካ፣ በነጻ ውሰደው። ከደቻቱ እስከ ሳቢያን ያለውን አረንጓዴ ሁሉ እያኘክ የትኛው እንደሆነ ፈልግ።»

አብዱላሂ ጢሙን አሻሸ፣ ሃጎፕም ሳቀ። ቀጥሎ ዋናውን ጥያቄ አመጣ፤ ከነገርሽኝ በኋላ ብክድሽስ አላት። ዘርፈሽ ይህን ከቤቷ ጀምራ አስባበት ነበር። በማግስቱ ቀፊራ ገበያ መሃል ቆሜ ለሁሉም እናገራለሁ፣ ያን ጊዜ ቆርቆሮህን ለሀዎ ፍየሎች ውሃ ማጠጫ ታደርገዋለህ አለችው። ሃጎፕ ይህ ከማንኛውም ማኅተም የጠነከረ መሆኑ ገባው።

የቀረው እስከ መቼ የሚለው ነበር። ሃጎፕ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አለ። ሀዎ እስከ ረመዳን አለች። ተጨቃጨቁ። አብዱላሂ ማንጎውን በልቶ ጨርሶ ፍሬውን ሲመጥ ነበር፤ መጦ መጦ አወጣውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይቺ እዚህ ግቢ ትተከል። እስክታፈራ ድረስ ነገሩ የሁለታችሁ ነው። ያፈራች ዕለት ዘርፈሽ ቀፊራ ላይ ትናገራለች፣ ከዚያ ወዲያ የሰው ሁሉ ነው።»

ማንም የተሻለ አላመጣም። ዛፍ ለማንም አያደላም ብለው ተስማሙ፤ ሁሉም በየሃይማኖቱ ማለ፣ ፍሬዋም ተቀበረች። ዘርፈሽ የዚያኑ ዕለት ለሃጎፕ ቅጠሉን አሳየችው። ሃጎፕ አገላብጦ አየውና፣ እናትሽ ታላቅ ሴት ነበረች አለ። የመጀመሪያው ድስት ለፋራህ ሰፈር ሄደ።

ዓመታት አለፉ። ቆርቆሮው ክዳኑ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ሻሽ ያሰረች ሴት አለች፣ የበለጠች ቅባት ይባላል። ዘርፈሽ ነች በእናቴ ስም ይሁን ያለችው፤ ሀዎ ስታፌዝባት፣ ተቆጣኋት እንጂ አልካድኳትም ብላ መለሰችላት። ባቡር በቆመበት ሁሉ ይሸጣል። የሚያስመስሉም ተነሱ፤ እነሱ ግን በለጠች በሕይወት እያለች በአጥር ቀዳዳ ያዩትን ሰባት ቅጠል ነበር የሚወቅጡት፣ አንዳንዶቹም ተሰማን የደጋ ቅጠል አምጣልን እያሉ ይለማመጡት ነበር። ተሰማ እየሳቀ አመጣላቸው። እማማ በለጠች ሞታም አጥሯን ትጠብቃለች።

ዘርፈሽ ቅጠሉን ራሷ ትወቅጥና በጋሪ ለሃጎፕ ታደርሳለች። በሥር ማሹ የድንጋይ ቤት ጀመረች፤ ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮ ክዳን ብቻ ቀረው።

ማንጎዋም አደገች። የሠራተኛው ሰፈር የውሉን ነገር ሰምቶ ነበርና ዛፏን እንደ ልጁ ያያት ጀመር። ፋራህ ከሥራ ሲወጣ በባልዲ ውሃ ይዞ በፋርማሲው የጓሮ በር ይገባል፤ ጓደኞቹም ተራ ይገባሉ። ብታፈራ ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮ አይገዙም፤ ዋሂል ያለው ዘመዳቸውም ለፍየሉ ከተማ ድረስ አይመጣም። ዛፏ ከግንቡ በላይ አለፈች፣ አበባ አወጣች። ፍሬ ግን የለም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አበበች፣ እንደገና ፍሬ የለም። ሃጎፕ ሙቀቱ እያረገፈው ነው ይላል። ፋራህ ውሃውን ጨመረ። ሀዎ ደግሞ ፍግ አሸክማ ላከች።

አንድ ቀን ዘርፈሽ ቅጠሉን ልታደርስ ስትሄድ የጋሪው ጎማ መንገድ ላይ ተሰበረ። ሁልጊዜ ጠዋት የምትደርሰው ሴትዮ የዚያን ቀን ቀትር ላይ ደረሰች። ቀትር ላይ ድሬ በር ይዘጋል፤ ሱቁም ቢሮውም ይተኛል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ፈልጎ ይዘረጋል። ዘርፈሽ የጓሮውን በር ገፋ አድርጋ ገባች። መሰላል ማንጎው ላይ ተደግፏል። ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ሙሴ ሃጎፕ በካኔተራ ቆሞ አበባውን ከቅርንጫፉ እየመለመለ ወደ ባርኔጣው ይጥላል።

ዘርፈሽ ከሥር ቆመች።

«የሙቀቱ ስም ሃጎፕ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ሃጎፕ መሰላሉን ጨብጦ ቀረ። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ባርኔጣውን ከጀርባው ሊያደርግ ሞከረ፣ ኋላ ተወው። ላብ በላብ ሆኖ ጥላው ሥር ተቀመጠና፣ ያልተቆጣች መሆኗን ሲያይ ልብ አገኘ።

«አንቺም ትበያለሽ እኮ ዘርፈሽ። ዛፏ ባላፈራች ቁጥር ሁለታችንም እንበላለን። ቤትሽን ክዳን ታለብሻለሽ። ማን አየን?»

ዘርፈሽ ባርኔጣው ውስጥ ያለውን አበባ አየች። እውነቱን ነው። ክዳኑ እንደቀረ ነው፤ አንድ አበባ ሌላ ዓመት ነው፣ ሌላ ዓመት ደግሞ ክዳን ነው፣ ምናልባትም በረንዳ። ያየ የለም። አጠገቧ የፋራህ ባልዲ ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው። መካን ናት ብሎ ለሚያስባት ዛፍ፣ ያ ኩሩ ልጅ በየቀኑ ውሃ ያመላልሳል። በር ያልተተወለት አጥር እናቷ አንዴ ሠርታዋለች፤ ውጭ የቀረችውም ሌላ ሰው ሳትሆን ራሷ ዘርፈሽ ነበረች።

ከባርኔጣው አንድ ዘለላ አበባ አነሳችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«ዛፏ ቃሏን ጠብቃለች» አለችው። «ልታፈራ ፈቅዳ የከለከልካት አንተ ነህ። የዛሬውን ቅጠል አራግፈህ ውሰድ፣ ደክሜበት የወቀጥኩት ነው። የእኔና ያንተ ውል ግን እዚህ አበቃ።»

ሃጎፕ ቤትሽስ ብሎ ጠየቃት። ክዳን የሌለው ቤት ኮከብ ያሳያል፣ ቃል የሌለው ሰው ግን ምንም አያሳይም አለችውና ወጣች።

ቀፊራ ከቀትር እንቅልፉ ሲነቃ ዘርፈሽ መሃሉ ላይ ቆማ አገኛት። መጀመሪያ አበባውን ለአብዱላሂ ፈትታ አሳየችው። ሽማግሌው አሸተተውና፣ አበባዋ እንደ ፍሬ ይቆጠራል፣ ተናገሪ አላት። ሀዎ የወተት ማሰሮዋን ትታ መጣች። ሰው ተሰበሰበ። ዘርፈሽ የደቻቱን ቁጥቋጦ ከሥሩ ነቅላ ይዛ ነበር፤ ከፍ አድርጋ አሳየችና እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ሞራው ምን ያህል እንደሚሆን፣ ስንት ቀን እንደሚቀባ፣ ለዓይን እንዳይጠጋ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። በሶማልኛ ሀዎ ደገመችላት፣ በኦሮምኛ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ደገመች።

ቀጥሎ ሥጋ ሻጩ ጃማዕ አጉረመረመ፤ ልጆቼ እርስ በርስ የሚወራወሩበት ቅጠል ነው እኮ፣ ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት ስንከፍል የኖርነው አለ። ሌሎችም አብረውት አጉረመረሙ።

ዘርፈሽ ዞረችበት።

«ልጆችህ ሲወራወሩበት አንተ ምን ታደርግ ነበር ጃማዕ? ታክ ነበር። ቅጠሉም እዚያ ነበር፣ አንተም እዚያ ነበርክ፣ እከክህም እዚያ ነበር። ያልነበረው ማወቁ ነው። የከፈልከው ለእሱ ነው። አሁን ከፍለህ ጨርሰሃል፣ ሂድና በነጻ ልቀም።»

ጃማዕ ሳይወድ ሳቀ፤ ገበያውም ሳቀ። ፋራህ ቁጥቋጦውን ከእጇ ተቀብሎ ሽቅብ እንደ ባንዲራ ይዞት ሄደ።

በዚያ ሰሞን የደቻቱ ዳር ተመለመለ። እያንዳንዱ ቤት ሙቀጫ ያንኳኳል፣ ከተማው ሞራ ሞራ ሸተተ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ግማሹ ሰው ክንዱ ደከመው፣ ወይ ሞራው ከረፋበት፣ ተመልሶ ሰማያዊ ክዳን ያለውን ቆርቆሮ መግዛት ጀመረ። ሃጎፕ ዋጋውን ቀንሶ ነበርና አልከሰረም። የገጠሩ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ለፍየሉ ቆርቆሮ አልገዛም። ቁጥቋጦውም ስም አገኘ፤ ሶማሌውም ኦሮሞውም አማራውም በለጠች ይለዋል።

ሃጎፕ አኩርፎ ከረመ። ዛፏ ግን አላኮረፈችም፤ የሚመለምላት ሰው ሲጠፋ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራች። ያኔ ሃጎፕ አንድ ቅርጫት ማንጎ በጋሪ ጭኖ ዘርፈሽን ፍለጋ ወጣ። ቤቷ አጣት፣ ጣሪያዋም ገና ክዳን የለውም። ሰው የሀዎን በረት ጠቆመው።

እዚያ ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች እጃቸው እስከ ክርናቸው ሂና ሆኖ አገኛቸው። ፍየሎቹ ቀንዳቸው፣ ጆሯቸው፣ ጅራታቸው ተቀብቷል። ሃጎፕ ባርኔጣውን አወለቀ። ፍየሎቹን አየ፣ ሙቀጫዎቹን አየ፣ ዓይኑ በራ።

«ይሄኛው ደግሞ ለምንድን ነው?» አለ፣ ስለ አበባው አንዲት ቃል ሳያነሳ።

ለጭርት ነው አለችው። ገና ነው፤ ሁለቱን ቅጠል ጥለናል፣ የቀሩት ላይ ነን። ሃጎፕ ጉሮሮውን ጠረገ። ሀዎ ማንጎውን ቀድማ እየላጠች ነበር፤ ዘርፈሽ ከእጇ ነጥቃ በላች፣ ፍሬውን አብዱላሂ ያን ጊዜ እንዳደረገው መጥጣ መጥጣ አነጣችው። ከዚያ በሂና የቀላ እጇን ዘርግታ ፍሬውን የሃጎፕ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ሂድ ትከላት። በዚህኛው ግን መሰላልህ የሚያድረው እኔ ቤት ነው።»